የቀንድ አውጣዋ አቤቱታ

ስሙኝማ! ከፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስ በጠባብ በር ገብቶ የተንሰራፋበት ወሽመጥ ታገኛላችሁ፤ አርካሾን ይባላል። በሩ ላይ ፒላ የሚሉት የአሸዋ ተራራ ቆሟል። ቁመቱ መቶ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፓ ምድር የሚበልጠው የአሸዋ ክምር የለም። ባሕሩ ሲሸሽ የወሽመጡ ብዙው ክፍል ጭቃና አሸዋ ሆኖ ይቀራል፤ ሲመለስ ሁሉንም ይውጠዋል። በዚህ በሚሄድና በሚመጣ ውኃ ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱት ሰዎች ገበሬዎች ናቸው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ገበሬዎች ናቸው። የሚዘሩትም የሚሰበስቡትም ግን ኦይስተር ነው።

ኦይስተር ሁለት ሻካራ ክዳን ያለው፣ ለስላሳ ሥጋውን በክዳኖቹ መካከል ሸሽጎ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ከገበታችን ስለማይቀርብ ለብዙዎቻችን ባዳ ነው። ፈረንሳዮቹ ግን ለገናና ለዘመን መለወጫ ተሰልፈው ይገዙታል።

አዝመራው እንዲህ ነው። በሰኔና በሐምሌ፣ በእነርሱ በጋ፣ ገበሬዎቹ የጣሪያ ሸክላ በኖራና በአሸዋ ለብጠው ወሽመጡ ውስጥ ይደረድራሉ። ኦይስተሮቹ እንቁላላቸውንና ዘራቸውን በውኃው ላይ ይለቃሉ። የሚፈለፈለው እጭ በዓይን አይታይም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲንሳፈፍ ሰንብቶ ኖራ የተለበጠው ሸክላ ላይ ያርፋል፤ ካረፈ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አይነቃነቅም። ገበሬው ጨቅላዎቹን ከሸክላው ፍቆ ያነሣና ሦስት ዓመት ያህል ኮትኩቶ ያሳድጋቸዋል። አርካሾን ለራሱ ብቻ አልነበረም የሚያመርተው፤ ለሌሎችም የፈረንሳይ ዳርቻዎች ዘር አቅራቢ ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች መከራ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ መባቻ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) የፖርቹጋል ኦይስተር የሚሉት ዝርያ በበሽታ አልቆባቸው ነበር። ከጃፓንና ከካናዳ ሌላ ዝርያ አስመጡ። አዲሱ ዝርያ ተመቸው፤ ቶሎ አደገ፤ ገበያውም ተመለሰ። በዓመት ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ቶን ያመርቱ ጀመር።

ከዚያ 1977 መጣ። ሸክላው እንደ ወትሮው ተደረደረ። ኦይስተሮቹ እንቁላላቸውን ጣሉ። እጩም ተፈለፈለ። ግን በቀናት ውስጥ አለቀ። ገበሬዎቹ ሸክላቸውን ሲያወጡ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተስፋ አደረጉ፤ ባዶ ነው። እስከ 1981 ድረስ ነገሩ ይኸው ሆነ።

አድገው የነበሩትም ጤና አልነበራቸውም። የኦይስተር ዛጎል ደግ ዘመን ሲሆን ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ጎን ነው የሚሰፋው። የአርካሾኖቹ ግን ወደ ጎን መስፋቱን ትተው ይወፍሩ ገቡ። የዛጎሉ ግድግዳ ተሰንጥቆ ክፍል ክፍል ይሠራል፤ በየክፍሉ ዝልግልግ ነገር ይቋጥራል። ውጪውን ያየ ሰው ትልቅ ኦይስተር መስሎት ይጎመጃል፤ ሲከፍተው ዛጎሉ ድብልብል፣ ሥጋው ኮስማና ነው። ማን ይግዛው? በ1981 ምርቱ 3 ሺህ ቶን ላይ ወረደ። ኋላ ሲሰላ፣ ወሽመጡ በእነዚያ ዓመታት ያጣው ወደ 150 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል ተባለ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሁሉም የየራሱን ይጠረጥራል፤ አንዱ የአየሩን ጠባይ፣ ሌላው አዲስ በሽታ፣ ሌላው የአምላክን ቁጣ። በፈረንሳይ የባሕር ዓሣ ምርምር ተቋም፣ በኋላ ኢፍረሜር በተባለው፣ ይሠሩ የነበሩት ክሎድ አልዚዩና ባልደረቦቻቸው ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። የታመመው የትኛው ነው? ያልታመመውስ የቱ ጋ ነው ያለው? መልሱ ከካርታው ላይ ተነበበ። ድብልብል ዛጎል የበዛው የመዝናኛ ጀልባዎች በሚቆሙበት አቅራቢያ ነው። ከጀልባ ማቆሚያው እየራቁ ሲሄዱ ኦይስተሩም እየዳነ ይሄዳል። የታመሙትን ኦይስተሮች ሥጋ ሲመረምሩ ደግሞ ቲን አገኙ፤ የጣሳ መለበጃ የሆነው ያ ነጭ ብረት። ቲን ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም። ይሄኛው ግን ብቻውን አልነበረም።

አርካሾን በእነዚያ ዓመታት የሀብታምም የመካከለኛ ኑሮ ሰውም ማረፊያ ሆኖ ነበር። በበጋ በ10 ሺህ የሚቆጠር ጀልባ ወሽመጡን ይሞላዋል። የጀልባው ሁሉ ሆድ ደግሞ ቀለም የተቀባ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የቀለሙን ነገር ላጫውታችሁ፤ ያለ እርሱ የቀረው አይገባም።

መርከብ ውኃ ላይ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ሆዱ ይወረራል። መጀመሪያ ዝልግልግ ነገር፣ ቀጥሎ አልጌ፣ ቀጥሎ ባርናክል የሚባለው ድንጋይ መሳይ ተለጣፊ። ሆዱ የሻከረ መርከብ ይጎተታል፤ ነዳጅ ይበላል። ይህ ጣጣ ከመርከብ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በ1761 አላርም የምትባል መርከቡን ሆዷን በመዳብ ቆርቆሮ አለበሳት፤ መዳብ ለተለጣፊዎቹ መርዝ ነውና። ብረት መርከብ ሲመጣ መዳቡ ከብረቱ ጋር ስላልተስማማ የመዳብ ቀለም መጣ። መዳብ ግን ቶሎ ይደክማል፤ በየዓመት ሁለት ዓመቱ መርከቡን ከውኃ አውጥቶ መፋቅና መቀባት ግድ ነው።

በ1950ዎቹ በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ ቫን ደር ኬርክ የሚባል ኬሚስትና ጓዶቹ ቲንን ከካርቦን ውሑዶች ጋር አቆራኝተው ሕይወት ላይ የሚያደርገውን መመርመር ያዙ። ከዚያ ቤተሰብ የወጣው አንዱ ትራይቡታይልቲን፣ ባጭሩ ቲቢቲ ነው። ሻጋታ ይገድላል፣ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ቀንድ አውጣ ላይ ደግሞ ክንዱ ልዩ ነው። እንዲያውም ገና በጠዋቱ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የቢልሃርዝያን ትል የሚሸከሙትን የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት ተሞክሮ ነበር።

ይህን ስሰማ እኔ ሳላስበው ዓድዋ ደረስኩ። በዚያው ዘመን፣ በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ያን ማየታቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አሰጥቷቸዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እንዶድ ውኃ ውስጥ ሥራውን ሠርቶ ቶሎ ይበሰብሳል። ቲቢቲ ደለል ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይተኛል። ዓለም ለመርከቡ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

በ1970ዎቹ የቀለም ፋብሪካዎች አንድ ብልሃት ጨመሩ። ቲቢቲውን ከቀለሙ ፕላስቲክ ጋር በኬሚካል ሰንሰለት አሠሩት። የባሕር ውኃ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ ይበጥሳል፤ መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል፤ ያለቀው ገጽ በመርከቡ ጉዞ ይታጠብና ከሥሩ አዲስ ገጽ ይወጣል። አንዴ የተቀባ መርከብ እስከ አምስት ዓመት ያለ ሐሳብ ይጓዛል። የመርከብ ባለቤቶች እንዴት አይወዱት! እኔም ባለ መርከብ ብሆን እቀባው ነበር። በአጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኛው የዓለም መርከብ ይህንኑ ተቀባ፤ የአርካሾን የመዝናኛ ጀልባም እንደ ትልቆቹ።

ኦይስተሮቹ ሥጋ ውስጥ የተገኘው ቲን ከዚህ ቀለም የወጣ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳይ መንግሥት በ1982 መጀመሪያ ላይ ይህን ቀለም በትንንሽ ጀልባዎች ላይ መቀባት ከለከለ። የሚገርመው፣ ወሽመጡ ለመዳን ጊዜ አልወሰደበትም። ጨቅላዎቹ ሸክላው ላይ ተመልሰው ተለጠፉ፤ በጥቂት ዓመታት ዛጎሉም ጠፍጣፋነቱን መለሰ። ገበሬዎቹ ተንፈስ አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልነገርኳችሁ ነበር። ገበሬዎቹ ከመጮኻቸው ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ ከእንግሊዝ ቻናል ማዶ፣ ሌላ ጩኸት ነበር። የጮኸችው ግን ገበያ የሌላት ነበረች።

ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ ፕሊማውዝ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ የባሕር ኃይሉ መናኸሪያ። ባሕሩ ሲሸሽ ከዐለቶቿ ላይ ጣት አንጓ የምታህል፣ ዛጎሏ ወፍራም፣ ነጣ ያለች ቀንድ አውጣ ታያላችሁ። የላቲን ስሟ ኑሴላ ላፒለስ ነው። መልኳ ምስኪን ነው፤ ግብሯ ግን አዳኝ። ባርናክል ላይና ሙሰል በሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ፍጥረት ላይ ትወጣና በምላሷ ጥርሶችና በአሲድ ዛጎላቸውን ትቦረቡራለች፤ ቀዳዳው እስኪበሳ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ ሥጋውን ትመጠዋለች። የጢሮስ ነጋዴዎች የነገሥታትን ሐምራዊ ልብስ ያቀለሙባቸው ቀንድ አውጣዎች ዘመዶቿ ናቸው፤ አየርላንዶችም ድሮ ከእርሷው ሐምራዊ ቀለም አውጥተዋል። ዛሬ ግን ማንም አይበላት፣ ማንም አይሸጣት።

በ1970 ስቲቨን ብላበር የሚባል ተመራማሪ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ሴቶቹ ከቀኝ ቀንዳቸው ጀርባ ትንሽ የሥጋ ጉብታ አብቅለዋል። ጉብታው የወንድ ብልት ነው። ደግሞም ከወደቡ አጠገብ ያሉት ላይ ይበዛል፤ ራቅ ያሉት ላይ ያንሳል። ጽፎ አወጣው። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ስሚዝ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በጭቃ ላይ የምትኖር ሌላ ዝርያ ላይ ያንኑ አገኘና ኢምፖሴክስ የሚል ስም አወጣለት፤ በሴቷ አካል ላይ የወንድ አካል ተደርቦ መገኘት ማለት ነው። ስሚዝ አልተወውም፤ በ1981 ምክንያቱ የጀልባው ቀለም፣ በቀለሙም ውስጥ ያለው የቲን ውሑድ መሆኑን አሳየ።

ማን ሰማ? ይህ ነው የሚባል ሰሚ አልነበረም።

ሰሚ የተገኘው ፕሊማውዝ በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ማኅበር ቤተ ሙከራ ውስጥ ፒተር ጊብስና ጄፍሪ ብራያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ነገሩን አንሥተው ሲይዙት ነው። የዐለት ለዐለት ሰዎች ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርቻ እየዞሩ ቀንድ አውጣ ለቀሙ። ከንጹሕ ዳርቻ ያነሧቸውን ጀልባ ወደ በዛበት ቦታ አዛውረው ጠበቁ፤ ሴቶቹ ብልት አበቀሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቲቢቲ በጠብታ የተጨመረበት ውኃ ውስጥ አኖሯቸው፤ አበቀሉ። በ1986 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ የጻፉት አስደንጋጭ ነበር፤ ቀንድ አውጣዋ መልኳ መለወጡ ብቻ ሳይሆን ዘሯም እየጠፋ ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ ልንገራችሁ፤ ጨካኝ ነገር ነው። መጀመሪያ ብልቱ ይበቅላል። ይህ በራሱ ያን ያህል አይጎዳትም። ብልቱ ካለ ደግሞ የዘር ቱቦ ይከተላል፤ ቱቦው በቆዳዋ ላይ ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ ያድጋል፣ የእንቁላል መውጫዋ ዘንድ ይደርሳል፤ በላዩ ላይ ሥጋ ይለብስበትና በሩን ይዘጋዋል። በውስጧ ግን ሴትነቷ አልቆመም። እንቁላል ትሠራለች፣ እንቁላሉን በከረጢት ትጠቀልላለች፣ ከረጢቱን የምታወጣበት ግን የላትም። ከረጢት በከረጢት ላይ ይከማቻል፤ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም ውስጧን ይተረትረዋል። ትሞታለች።

የእርሷ ዘር ደግሞ እንደ ኦይስተር እጭ በውኃ ተሳፍሮ ከሩቅ አይመጣም። እንቁላሏን ዐለቱ ላይ ታጣብቃለች፤ ልጆቿ ከዚያው ተፈልፍለው በዚያው ይድሃሉ። አንድ ወሽመጥ ውስጥ ሴቶቹ ካለቁ ከጎረቤት መጥቶ የሚተካ የለም። አርካሾን በጥቂት ዓመት ዳነ፤ የፕሊማውዝ ዐለቶች ቶሎ ያልዳኑት ለዚህ ነው።

መጠኑን ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ናኖግራም ቲን፣ ከዚያም ባነሰ፣ ብልቱ መብቀል ይጀምራል። ከሁለት ናኖግራም አንሥቶ መካንነቱ ይከተላል። አንድ ግራም መርዝ 400 የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳዎች ውስጥ ብትበትኑት የሚደርሳት ያንኑ የመጀመሪያውን መጠን ነው። ያኔ የነበሩት መሣሪያዎች ይህን ያህል ቅንጣት ለመለካት ይቸገሩ ነበር። ቀንድ አውጣዋ ግን ትለካው ነበር።

ለምን? ይህ የሳይንቲስቶቹ ራስ ምታት ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። ሆርሞን ማለት ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው የሚላክ ትእዛዝ ነው። ድሮ የንጉሥ ደብዳቤ አገር ግዛት ሲደርስ ሹሙ የሚያየው ማኅተሙን ነበር፤ ማኅተሙ ልክ ከሆነ ትእዛዙ ይፈጸማል። ሰውነትም እንዲያው ነው፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ተቀባይ ማኅተሙን ካመነ ይፈጽማል፣ ማን እንደላከው አይጠይቅም። ቲቢቲ ሐሰተኛ ማኅተም ይዞ እንደገባ ሁሉም ጠርጥሯል። የማን ማኅተም ነው የሚለው ነው ያከራከረው።

መጀመሪያ ሁሉም ወደ ቴስቶስቴሮን ጠቆመ። ወንድ የሚያደርገን ቴስቶስቴሮን አይደል? ቲቢቲ ቴስቶስቴሮንን ወደ ኤስትሮጅን የሚለውጠውን ኢንዛይም ያፍናል፤ ቴስቶስቴሮን ይከማቻል፤ ሴቷ ወንድ ትመስላለች። አሳማኝ ነበር፤ ለዓመታትም ሲነገር ቆየ። ችግሩ፣ ቀንድ አውጣ የቴስቶስቴሮን ተቀባይ የላትም። ኤስትሮጅን ተቀባይ የሚመስል ነገር አላት፤ እርሱም ቢሆን ኤስትሮጅን መጣ ቀረ ደንታ የለውም፤ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። የሰውን ሆርሞን መጽሐፍ ገልጦ ቀንድ አውጣን ማንበብ አልሆነም።

እውነቱን ያወጡት ጃፓኖች ናቸው። በ2004 ኒሺካዋ፣ ሆሪጉቺና ባልደረቦቻቸው፣ የጃፓን ዐለት ቀንድ አውጣን ወስደው የቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነ ሬቲኖይክ አሲድ ሴቶቹን ወጓቸው። ቲቢቲ የለም፣ ቲን የለም። ሴቶቹ ብልት አበቀሉ። ነገሩ ተገለጠ፤ ቲቢቲ ያስመሰለው የቴስቶስቴሮንን ሳይሆን የሬቲኖይክ አሲድን ማኅተም ነው። አርኤክስአር የሚባለው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም በኋላ አይለቅም፤ ቲኑ ከተቀባዩ ሰልፈር ጋር ተጋብቶ ይቀራል። ትእዛዙም ሳያቋርጥ ይተላለፋል፦ አብቅይ፣ አብቅይ፣ አብቅይ።

አርኤክስአር ደግሞ ቀንድ አውጣ ብቻ የያዘችው ነገር አይደለም። እኔም ዘንድ አለ፤ እናንተም ዘንድ። ካሊፎርኒያ ኧርቫይን ያሉት ፊሊክስ ግሩንና ብሩስ ብሉምበርግ በ2006 ለእርጉዝ አይጦች ጥቂት ቲቢቲ ሲሰጧቸው ግልገሎቹ ስብ የማከማቸት ዝንባሌ ይዘው ተወለዱ። ይህ አይጥ ላይ የታየ ነው፤ ሰው ላይ እንዲሁ ነው ብዬ አላስፈራራችሁም።

ወደ ሕጉ እንመለስ። እንግሊዝ በ1987፣ አሜሪካ በ1988 ተከተሉ። ሕጎቹን ብታነቡ ሁሉም አንድ ቁጥር ላይ ይሰናከላሉ፤ 25 ሜትር። ከ25 ሜትር ያነሰ ጀልባ ቲቢቲ አይቀባም። ከዚያ የሚበልጥስ? ይቀባል! የዘይት ጫኙ፣ የኮንቴይነር ጫኙ፣ የጦር መርከቡ ይቀባል። ምክንያቱ ተነግሯል፦ ትልቅ መርከብ ጥልቅ ባሕር ላይ ነው የሚውለው፣ ነዳጁም ብዙ ነው፣ ሆዱ ከሻከረ ጭሱ ይበዛል። ሐሰት አይደለም። ግን ትልቅ መርከብም ወደብ ይገባል፣ ወደብ ውስጥም ይቆማል። ስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴት ላይ ሰለም ቮ የሚባል የነዳጅ ወደብ አለ፤ የመዝናኛ ጀልባ የማይበዛበት። የዘይት መርከቦቹ የሚቆሙበት ዙሪያ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ብልት አብቅለው ተገኙ። በ1994 ደግሞ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሰሜን ባሕር መካከል፣ ከዳርቻ ርቀው፣ ትልልቆቹን የባሕር ቀንድ አውጣዎች አወጡ፤ መርከብ በሚበዛበት መስመር ሥር ያሉት ሴቶች እንዲሁ ሆነዋል። ባሕር ጥልቅ ስለሆነ መርዝ ይውጣል የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ሰጠመ።

የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በለንደን ጥቅምት 5 ቀን 2001 መርከብ ላይ ቲቢቲ መቀባትን የሚከለክለውን ስምምነት አጸደቀ። ስምምነት ግን መጽደቁ አንድ ነገር፣ ሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ነው። ከዓለም የመርከብ ጭነት ሩቡን የያዙ 25 አገሮች መፈረም አለባቸው ተባለ። ሩቡ ማን ዘንድ ነው? የዓለም መርከቦች ባንዲራቸውን ተከራይተው የሚያውለበልቡት ትንንሽ አገሮች ዘንድ። ፓናማ እስክትፈርም ተጠበቀ። ፓናማ መስከረም 17 ቀን 2007 ፈረመች፤ ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 17 ቀን 2008፣ ስምምነቱ ሕግ ሆነ። ብላበር ጉብታዋን ካየ 38 ዓመት።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ሳይንሱ አልዘገየም፤ የዘገየው ጆሮው ነው። ኦይስተር ገበያ ስላለው በአምስት ዓመት ተሰማ። ቀንድ አውጣ ገበያ ስለሌላት ግማሽ የሰው ዕድሜ ጠበቀች።

በዚያ ሁሉ መካከል ከተፈጥሮ የመጣ አንድ ጉድ አለ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኬንት ውስጥ ደምፕተን ጋፕ የሚባል ዳርቻ አለ። ዙሪያው ሲጠፋ እዚያ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ተርፈው ተገኙ። ጊብስ ሄዶ ሲያያቸው፣ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ብልት የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ጭራሽ ያልዳበረ ነው። በዘር የሚወረስ ጉድለት ነበር። ወንዱን ያጎደለው ያ ዘረመል ሴቷንም ብልት እንዳታበቅል ከለከላት፤ የእንቁላል መውጫዋ ሳይዘጋ ቀረ። ሰው እስኪስማማ ያቆያቸው ያ ጉድለት ነው።

ዛሬ የእንግሊዝ ዐለቶች ላይ ቀንድ አውጣዋ በብዙ ቦታ ተመልሳለች፤ ሰለም ቮ ላይም ምልክቱ እጅግ ቀንሷል። ኢምፖሴክስ ከ200 በላይ በሆኑ ዝርያዎች ላይ ታይቷል። መርዙ ውኃው ላይ ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል፤ በወደብ ደለል ውስጥ ግን ዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ የድሮ ወደብ የሚጠርግ ሰው ጭቃውን የት እንደሚደፋ በጥንቃቄ ያስባል።

መርከቦቹስ ምን ተቀቡ? ወደ መዳብ ተመለሱ። መዳቡን የሚያግዝ ሌላ ኬሚካል ታከለበት፤ አልጌ ገዳይ፣ ሳይቡትሪን የሚባል። እርሱም ዳርቻ ላይ ሲጠራቀም ተገኘና ያ የ2001 ስምምነት ተሻሻለ። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሳይቡትሪን ያለበትን ቀለም መርከብ ላይ መቀባት ተከልክሏል።